ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

ሳምንታዊው የሥራና የጤና ዝግጅታችን ዛሬም በሰዓቱ መጥቷል። ቡና እያፈላችሁ ያላችሁ ረከቦቱን ወደ ሬዲዮው ጠጋ አድርጉት፤ ሥራ ላይ ያላችሁም እጃችሁ በሥራው ይቆይ፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በአጠገባችሁ ሃይላንድ አለ? ያችን የውሃ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። እስቲ ተመልከቷት። ውስጧ ያለው ምንድን ነው? ውሃ ነው? እርግጠኛ ናችሁ? ማን ሞላት?

[አጭር ፋታ]

ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት መኪና ላሠራ አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። የሚያዝያ ፀሐይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ ለማጅ ልጅ ከመኪና ሥር ተንፏቆ ወጣና መስኮቱ ላይ ከተቀመጠው ሃይላንድ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ወዲያው ተፋው። ደግነቱ አልዋጠውም፤ ከንፈሩና ምላሱ ግን ተለበለበ።

ሁላችንም ተሯሯጥን። "ምንድን ነው የጠጣው?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ "የባትሪ ውሃ ነው" አለ። ሌላው "የለም፣ አሲዱ ነው" አለ። ሦስተኛው "ዝገት የምናስለቅቅበት መሰለኝ" አለ። መሰለኝ! አስባችሁታል? ሁሉም በየቀኑ በዚያ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ልጁን ያቃጠለውን ነገር በስሙ ሊጠራው የቻለ ግን አልነበረም።

የዛሬው ወሬያችን ከዚህ ይነሳል። በሥራ ቦታ ስላሉ አደገኛ ኬሚካሎች እንነጋገራለን፤ ብዙ ነገር እናነሳለን፣ ነገር ግን አንዷን ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ይበቃኛል፦ የኬሚካሉን ስም ከዕቃው አትለዩ። ጣጣው የሚጀምረው ፈሳሹ ስሙ ከተጻፈበት ዕቃ ወጥቶ ስም ወደሌለው ዕቃ የተገለበጠ ቀን ነው።

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ይባል የለ? የአሲዱ ጄሪካን የሚያውቁት ሰይጣን ነው፤ ያስፈራል፣ ሰውም ይጠነቀቀዋል። ሃይላንዷ ግን መልአክ ትመስላለች። ንጹሕ፣ ጥርት ያለች፣ ትናንት ውሃ የጠጣንባት።

[ሙዚቃ፤ አጭር ማሸጋገሪያ]

ስም ማወቅ ምን ያህል ይጠቅማል? እስቲ ራቅ ብለን ወደ ሕንድ እንሂድ።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር ያ ዓመት በድርቁ ነው የሚታወሰው። ሕዳር 23 ሌሊት፣ ቦፓል በተባለች ከተማ፣ የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ የሕንድ ቅርንጫፍ በሚያስተዳድረው የፀረ-ተባይ ፋብሪካ ውስጥ ውሃ ወደ አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ገባ። ማጠራቀሚያው የያዘው ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነበር። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጋለ፣ ተፋፋመ፣ 40 ቶን ገደማ የሚሆን መርዝ በጋዝ መልክ ወጥቶ በተኛው ሕዝብ ላይ ወረደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ ሁሌ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ዓይኑን እያሻሸ፣ ትንፋሽ እያጠረው ሆስፒታሉን ሲያጥለቀልቀው፣ ሐኪሞቹ የሚያክሙት በምን የተመረዘ ሰው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ምን ጋዝ ነው? መድኃኒቱስ ምንድን ነው? በቅጡ የነገራቸው አልነበረም። ከጋራዡ "መሰለኝ" ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ከቦፓል በኋላ ዓለም ይህን ጉዳይ በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ፋብሪካዎች ምን ዓይነት አደገኛ ኬሚካል እንዳላቸው ለአካባቢው ሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የማወቅ መብት ይሉታል። የኬሚካሉን ስም ማወቅ መብት ሆነ ማለት ነው።

[አጭር ፋታ]

"እኔ እኮ የምሠራው ፋብሪካ አይደለም፤ ይህ ወሬ እኔን አይመለከተኝም" ያላችሁ አላችሁ? ቆዩ። በረኪና አታውቁም?

[የድምፅ ማሳያ፦ ፈሳሽ ወደ ባልዲ ሲንቆረቆር]

በረኪና የማይገባበት ቤት የለም። ሆቴሉ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው፣ የሁላችንም ጓዳ። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፤ በዚህ ስሙ የሚጠራው ግን የለም። በረኪና ለብቻው፣ በልኩ፣ አየር ባለበት ቦታ ሲሠሩበት ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ጓደኛ ሲያበጁለት ነው።

አንዲት የሆቴል ጽዳት ሠራተኛን እናስብ። የሽንት ቤቱ ሴራሚክ ቢጫ ሆኗል፤ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ "አልነጣም" ብላታለች። ምን ታደርጋለች? በረኪናውን ታፈሳለች። አልለቅ ሲላት ያንን ጠንከር ያለውን የሽንት ቤት ማጽጃ ትጨምርበታለች። "ሁለቱ ሲደመሩ ጉልበታቸው ይበረታል" ብላ ነው። ማጽጃው ግን አሲድ ነው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲበዛም ሳንባን ውሃ እንዲቋጥር አድርጎ ይገድላል።

ክሎሪን ማለት ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። ጣሊያን በማይጨው ዘመን በአባቶቻችን ላይ የረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ሌላ ነው፤ አታደበላልቁብኝ። እኔን የሚገርመኝ ለጦር ሜዳ የተዘጋጀውን ጋዝ አንዲት ሴት መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ፣ ተንበርክካ፣ ሳታውቀው በባልዲ መሥራቷ ነው።

ደግሞ ተንበርክካ ያልኩት በምክንያት ነው። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ወለሉን ነው የሚሄደው። ታዲያ ወለል የምታሸው ሴት ፊቷ የት ነው ያለው?

[አጭር ፋታ]

በረኪና ከአሞኒያም ጋር አይስማማም፤ ያንንም ሲያገኝ ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ሳይጸዳ የቆየ የወንዶች ሽንት ቤት ላይ በረኪና ስትደፉ የሚያስለው ለዚህ ነው። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በረኪና።

ይህን ፕሮግራም ከዐረብ አገር የምትከታተሉ እህቶቼ፣ ይህች የእናንተም ናት። እዚያ "ክሎሮክስ" የሚሉት በረኪና ነው። ሳዑዲ ውስጥ "ፍላሽ" የሚሉት ደግሞ አሲድ ነው። ማዳም "በደንብ ይጽዳ" ስላለች ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታፈሱ። አንዱን ተጠቅማችሁ፣ በውሃ አጥባችሁ ጨርሱ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ይከፈት። ጠረኑ ከመጣባችሁ ሥራው ይቅር፣ እናንተ ውጡ። ሴራሚክ ነገም ይታጠባል።

እንድገመው፦ በረኪና ብቻውን። ከአሲድ ጋር አይደለም፣ ከአሞኒያ ጋር አይደለም፣ ከኮምጣጤ ጋርም አይደለም። አሁን አስቡት፤ በረኪናውም ማጽጃውም ስም በሌላቸው ሁለት ሃይላንዶች ውስጥ ቢሆኑ ይህን ምክር እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

[ሙዚቃ፤ አጭር ማሸጋገሪያ]

ይኸው ነገር በትልቁ የሚሆንበት ቦታ የቆዳ ፋብሪካ ነው። ሞጆ አካባቢ ያላችሁ አድማጮች ሽታውን ታውቁታላችሁ። የቆዳውን ፀጉር ለማራገፍ ሶዲየም ሰልፋይድ ይጠቀማሉ፤ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ደግሞ አሲድ አለ። የሁለቱ ዝቃጭ በአንድ ቦይ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ይህ ጋዝ ተንኮለኛ ነው። ሲያንስ ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት አቅማችንን ያደነዝዝና ምንም አይሸትም። ሰው "ሽታው ጠፋ፣ አየሩ ተሻለ" ብሎ ይገባል። የሚወድቀው ያኔ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ያለውም ይኸው ጋዝ ነው። አንዱ ይገባል፣ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። ጎረቤት ይከተላል። ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት አስከሬን የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ወንድሜ ወድቆ እያየሁ ዝም ልበል? ዝም አትበሉ፤ ጩኹ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። ከተቻለም ከሥራው በፊት የሚገባው ሰው በወገቡ ገመድ ይታሰር፤ ውጭ የቆመው ሰው ሳይገባ ይጎትተዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ያለ አየር መሣሪያ አትግቡ። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን ጋዝ አያግደውም።

[አጭር ፋታ]

ጨርቅ ካነሳን፣ ስለ ማስክ አንድ ነገር ልበል። ኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ለጋዝ አይሠራም። ጋዝ የሚያግደው ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው፤ ማጣሪያውም ለየጋዙ ይለያያል፣ ዕድሜም አለው። ለቀለም ቲነር የተሠራው ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጭምብል ለመምረጥ እንኳ መጀመሪያ የኬሚካሉን ስም ማወቅ ግድ ነው። አያችሁ? ዞረን ዞረን እዚያው ነን።

የወተቱን ነገርስ? በብዙ ፋብሪካና ጋራዥ ውስጥ ለኬሚካል ሠራተኛ ወተት መስጠት የተለመደ ነው። "መርዙን ያጥበዋል" ይባላል። የጋራዡ ልጅ ሲቃጠልም መጀመሪያ የሆነው አንዱ ወተት ሊገዛ መሮጡ ነው! ወተት ምግብ ነው፤ ለሠራተኛው መሰጠቱ ደግ ነው፣ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ የተነፈስነው ኬሚካል ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አይገናኙም። አሠሪው በዓመት ለወተት የሚያወጣውን ብር ለአንድ አየር ማስወጫ ቢያውለው ሠራተኛው ይበልጥ ይጠቀም ነበር ባይ ነኝ። ወተቱ ግን ርካሽ ነው፤ ፎቶም ያምራል።

ባለሙያዎቹ የመከላከያ መንገዶችን በቅደም ተከተል ያስቀምጧቸዋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው "ጓንት አለ ወይ?" አይደለም። "ይህ ኬሚካል የግድ ያስፈልገናል ወይ?" ነው። ካላስፈለገ ይውጣ። ካስፈለገ፣ በቀለለ ሊተካ ይችላል? የሆቴሉ ሽንት ቤት በየቀኑ በሳሙናና በብሩሽ ቢታሽ አሲድ ላያስፈልገው ይችል ነበር። መተካት ካልተቻለ አየር ማስወጫ፣ ክዳን፣ ከሰው የሚለይ ግድግዳ። ቀጥሎ የአሠራር ደንብ። ጓንትና ጭምብል የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ጓንት ይታደልና "ጥንቃቄ አድርገናል" ይባላል።

[ሙዚቃ፤ አጭር ማሸጋገሪያ]

ሕጉስ ምን ይላል?

የሠራተኛ ደኅንነት በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ውስጥ አለ፤ ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዝርዝሩ ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ነው። አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። እኔ ደስ የሚለኝ አቀማመጡ ነው፤ የመከላከያ ዕቃ ስጥ ከማለቱ በፊት፣ ሠራተኛው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ ተገቢው ማብራሪያ እንዲደርሰው አድርግ ይላል። መጀመሪያ ንገረው ነው ነገሩ።

እንግዲህ አሠሪ ሆናችሁ የምታዳምጡ ካላችሁ፣ ያስረዳችሁት ለማን ነው? መቼ? በሚሰማው ቋንቋ ነው? የሥራ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የእናንተው ነው።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን የመከላከያ ዕቃ መጠቀም፣ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ሲያይ ቶሎ ማሳወቅ። "ጓንት ይሞቀኛል" እያላችሁ ኪሳችሁ የምትከቱ፣ ሰምታችኋል?

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በየቤቱ የምትሠራዋን የቤት ሠራተኛ ይህ አዋጅ አይሸፍናትም። ከማንም በላይ በረኪና የሚነካው እጅ የእሷ ነው። እሷን በተመለከተ ተቆጣጣሪ አይመጣም፤ የምትጠብቋት እናንተ ናችሁ።

[አጭር ፋታ]

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ጄሪካን ላይ ወይም ጠርሙስ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው፣ አንድ ማዕዘኑ ላይ የቆመ አራት ማዕዘን ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊደል ለማይቆጥር ሰውም የሚያገለግል የዓለም ቋንቋ ነው። የራስ ቅልና አጥንት ካለበት፣ በትንሹም የሚገድል መርዝ። ነበልባል ካለበት፣ የሚቀጣጠል። ፈሳሽ በእጅ ላይ ሲንጠባጠብና እጁን ሲበላው ካያችሁ፣ የሚያቃጥል፤ የባትሪ አሲድ ላይ የምታገኙት ይህንን ነው። የሰው ደረት ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሕመም፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እኔ በጣም የምፈራው ይኼኛውን ነው፤ ዛሬ ምንም ስለማይሰማችሁ።

ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ ኤም ኤስ ዲ ኤስ የምትሉት የኬሚካሉ የደኅንነት መረጃ ወረቀት አለ። አሥራ ስድስት ክፍል አለው። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአስተዳዳሪው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ክፍል አራትን ብቻ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታውን፣ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሠራተኛው ቋንቋ መልሶ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ስንት ሰው ይተርፋል።

አደጋ ቢደርስስ? ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፣ ውሃ። ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ፤ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ። የነካውን ልብስ አውልቁ። ተውጦ ከሆነ በጣት አታስመልሱ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስሙን ነው።

አሲድ የምትበጠብጡ ደግሞ፦ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው እንጂ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ። ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይፈናጠራል።

[ሙዚቃ፤ አጭር ማሸጋገሪያ]

ገበሬ አድማጮቻችን ባዶውን የፀረ-ተባይ ዕቃ ምን እናድርገው ብትሉ፣ አጥባችሁ ውሃ አትቅዱበት፣ ዘይትም አትያዙበት። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ዕቃውን ሦስቴ አለቅልቁት፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት፣ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ሕዳር 12 ቀን "ሕዳር ሲታጠን" ከቆሻሻው ጋር አታቃጥሉትም፤ አያቶቻችን ያጠኑት በሽታ ለማባረር ነበር፣ የመርዝ ጭስ ወደ ልጆች ሊልኩ አይደለም። ባዶ ዕቃ የሚሰበሰብበት ካለ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። የረጫችሁበትን ልብስም ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉ። ፀረ-ተባይ በአፍ ብቻ አይገባም፤ በቆዳም ይገባል።

የገበያውም ነገር አለ። ከትልቁ ዕቃ እየቀነሱ በሃይላንድ የሚቸረችሩ ሻጮች አሉ። ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚያዝ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 674/2002። በሃይላንድ የገዛችሁት ግን መመዝገቡን በምን ታውቃላችሁ? ስሙ የት አለ?

[አጭር ፋታ]

ያ የጋራዥ ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አፉን ደጋግሞ በውሃ አስጉመጥምጠን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ "ምን ጠጣ?" አለች። ካፖው ሃይላንዷን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። አየቻት። ክዳኗ ላይ "የታሸገ የተፈጥሮ ምንጭ ውሃ" ይላል።

[ረጅም ፋታ]

ልጁ ዳነ። ለሁለት ሳምንት ያህል ግን በርበሬ አልቀመሰም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውና። ነገ ሥራ ስትገቡ፣ ስም ያልተጻፈበት ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ስንት እንዳለ ቁጠሩ። ምን ውስጥ እንደተቀመጠም እዩ፤ ሃይላንድ፣ የዘይት ጄሪካን፣ የላርጎ ጠርሙስ? ቁጥሩንና የሥራውን ዓይነት ጽፋችሁ ላኩልን፤ የድርጅቱን ስም አንጠይቃችሁም። በሚቀጥለው ሳምንት የደረሱንን እያነበብን ስለ ቀለም ቀቢዎችና ስለ ቲነር እንጨዋወታለን። እስከዚያው ፕላስተርና እስክሪብቶ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ደህና ሰንብቱ!

[የመዝጊያ ሙዚቃ]